የአባትዎን ሸክላዎች ከመሸጥዎም ከማጠብዎም በፊት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ጎንደር ነው። አባቴ መምህር ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቤቱን ለማደስ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ዕቃ ስናወርድ አንድ የእንጨት ሳጥን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ አገኘን። ቆጠርኳቸው፤ 64 ናቸው። አብዛኞቹ ትናንሾቹ ናቸው። የጥላሁን፣ የብዙነሽ፣ የማህሙድ፣ የዓለማየሁ እሸቴ አሉ። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጂም ሪቭስም አለ። ዐረብኛ የተጻፈባቸው ዘጠኝ አሉ፤ እነሱን የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዳንዶቹ ሻግተዋል፣ አንዳንዶቹ ተጣመዋል፣ አንዱ ለሁለት ተሰብሯል። ሸክላ ስለሆኑ ውሃ እንዳይነካቸው ብዬ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ጀምሬያለሁ። ወንድሜ ግን የሚጸዳው በካቲካላ ነው ይላል። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉንም በ15,000 ብር ልውሰድ ብሎናል። ዛሬ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሆነው የአባቴ ሬድዮግራም (ሬድዮና የሸክላ ማጫወቻ አንድ ላይ ያለው ሣጥን) አለ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአሜሪካ ማጫወቻ ላምጣላችሁ ብላለች። ዋጋቸው ስንት ነው? አሁንም ይሰማሉ? እናቴ ‹በደርግ ጊዜ ነው የተወው› ትላለች። እንዲህ የሚወደውን ነገር ለምን ቆልፎ ሰቀለው?»

ያንን ደረቅ ጨርቅ ያስቀምጡት። ከዚህ በኋላ አንድም ሸክላ በደረቁ አይጥረጉ። ፊቱ ላይ ያለው አቧራ ውስጡ አሸዋ አለው። በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ያ አሸዋ ድምፁ በተቀረጸበት ቀጭን ቦይ ውስጥ እየተጎተተ ይቧጭረዋል። በዚያ ላይ ፕላስቲክ በደረቁ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ስለዚህ ከጠረጉት የበለጠ አቧራ ከአየር ላይ ይስባል።

ያሳሳተዎት ስሙ ነው። «ሸክላ» ሲባል እንደ ጀበናና እንደ ምጣድ ከአፈር የተሠራ ይመስላል። እርስዎ እጅ ያሉት ትናንሾቹ ግን ፕላስቲክ ናቸው። ፒቪሲ ከሚባለው፣ ለውሃ ቧንቧ ከሚሆነው ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር ናቸው። ንጹሕ ውሃ ምንም አያደርጋቸውም። እንዲያውም በትክክል የሚጸዱት በውሃ ነው።

ከእነሱ የሚለዩት የጥንቶቹ ናቸው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት፣ ከበድ ያሉት፣ ከእጅ ሲወድቁ እንደ ሰሐን የሚሰበሩት። እነዚያ የተሠሩት ከሼላክ ነው። ሼላክ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ሲሆን ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይለወሳል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ያስቀረጿቸው ሸክላዎች ከዚህ ዓይነት ናቸው። ከ64ቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት። አለያየቱ ቀላል ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ያንብቡ፤ 78፣ 45 ወይም 33 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ ስፋቱን ይለኩ። የ45ቱ ስፋት 17.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ33ቱ ትልቁ አልበም 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የ78ቱ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወፍራምና ግትር ነው።

ይህን መለየት የግድ የሚሆነው በወንድምዎ ካቲካላ የተነሳ ነው። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። አናጺዎች ለቤት ዕቃ ቫርኒሽ ሲያዘጋጁ ሼላክን በአልኮል የሚያሟሙት ለዚህ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ወዳጄ አምኖ የሰጠኝን የ78 ሸክላ በአልኮል ጠርጌዋለሁ። ጥቁሩ ነገር ጨርቁ ላይ ሲቀር ቆሻሻው የለቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። የለቀቀው ግን ድምፁ ነበር። ዛሬም ድረስ ያሳዝነኛል። በፕላስቲኮቹ ላይም ቢሆን ካቲካላ ንጹሕ ነገር አይደለም፤ ሲደርቅ ቦዩ ውስጥ ዝቃጭ ይተዋል። ቤንዚን፣ በረኪና፣ ኦሞና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ አጠገባቸው አይድረስ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 15,000 ብር ለ64 ሲካፈል ለአንዱ 234 ብር ገደማ ይመጣል። ሰውየው አታላይ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሳይሰማ በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ የሚሰጠው ዋጋ እንዲህ ነው። እርስዎ ግን ምን እንደያዙ ሳያውቁ በጅምላ መሸጥ የለብዎትም።

የያዙት ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ታሪኩን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን ሰብሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። መጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ ነበር። ቀረጻው አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሸክላው ግን መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ታትሞ ይመጣል። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አሳተመ። ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ቀጠለ፤ የማህሙድን «እሬ መላ መላ» ያሳተመው እሱ ነው። ፊሊፕስ ኢትዮጵያም ነበረ። ያ ሁሉ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ማሳተም ቆመ። ስለዚህ የእነዚህ አሳታሚዎች የመጀመሪያ ኅትመት በዓለም ላይ ያለው ብዛት የተወሰነ ነው፤ የሚሰበስበው ሰው ግን አውሮፓም፣ ጃፓንም፣ አሜሪካም አለ።

በደህና ሁኔታ ያለ አንድ የመጀመሪያ ኅትመት የአምሃ ወይም የካይፋ ትንሽ ሸክላ ውጭ አገር በብዙ አሥር ዶላር ይሸጣል፤ አንዳንዱም ከመቶ ዶላር ያልፋል። ይህ ማለት ግን 64ቱ ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለት አይደለም። ዋጋውን የሚወስነው ሁኔታው ነው። የተጫጫረ፣ የተጣመመ ወይም ሽፋኑ የጠፋ ሸክላ ዋጋው አንድ አሥረኛ ሊሆን ይችላል። የጂም ሪቭሱ የትም አገር በሺዎች የታተመ ስለሆነ በገንዘብ ብዙ አያወጣም። ይህን ራስዎ ማጣራት ይችላሉ። ዲስኮግስ የሚባል የሸክላ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ። አሳታሚውንና ክቡ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ሲያስገቡ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ያሳያል። ሻጮች የጠሩትን ዋጋ ትተው የተሸጠበትን ዋጋ ይመልከቱ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

አባትዎ ሽፋኖቹ ላይ የጻፉት ነገር ካለ ይህንንም አስቀድሜ ልንገርዎ። ስም፣ ቀን፣ የተገዛበት ቦታ፣ ምናልባትም «ለእገሌ አውሼ» የሚል ሊኖር ይችላል። ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ ሽፋን ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ዋጋ ይቀንሳል። ለእርስዎ ግን ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የዚያን ጊዜ መምህራን ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ይወርዱ ነበር። «ነሐሴ፣ አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ ካገኙ አንድ መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ሸክላ በሻንጣው ይዞ፣ በአውቶቡስ ጎንደር ድረስ ያመጣበትን ጉዞ እያነበቡ ነው። ሸክላዎቹ ተበታትነው ሲሸጡ ይህ ይጠፋል። ጽሑፉን ለማጥፋት አይሞክሩ። የተቀደደ ሽፋንም በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው በዓመታት ወረቀቱን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ዛሬ ለማንም አይሽጡ፣ ለማንም አያውሱ። መጀመሪያ ይመዝግቡ፣ ቀጥሎ ያጽዱ፣ ከዚያ አንዴ በደህና ማጫወቻ እያጫወቱ ድምፁን ይቅዱ። ስለ መሸጥ የሚያስቡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት የሚጎዳው ነገር አይመለስም።

ለምዝገባው አንድ ደብተርና ስልክ ይበቃል። ሳጥኑ ውስጥ የነበሩበትን ቅደም ተከተል እንዳያፈርሱ፤ አባትዎ የደረደሩበት መንገድ ራሱ የሚናገረው አለ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡ። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሽፋኑ ውስጥ ያስገቡ እንጂ ሸክላው ላይ ምንም አይለጥፉ። ዘፋኙን፣ የሁለቱን ገጽ ዘፈኖች፣ አሳታሚውን፣ ቁጥሩን፣ ፍጥነቱንና በእጅ የተጻፈውን ሁሉ ይመዝግቡ። ክቡ ወረቀት ዳር፣ ዘፈኑ ያለቀበት ለስላሳ ቦታ ላይ ተጭሮ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ። እሱንም ይጻፉት፤ የመጀመሪያውን ኅትመት ከኋለኛው የሚለየው እሱ ነው። ሁለቱንም ገጽ በጥላ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ። በቀን አሥር ቢሠሩ በሳምንት ያልቃል።

የሻገቱትን ዛሬውኑ ከሌሎቹ ይለዩ። ሻጋታ የሚበላው ወረቀቱንና የጣት ቅባቱን ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። በረንዳ ላይ አውጥተው፣ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው ይሥሩ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። የሻገተውን ነጭ የውስጥ ወረቀት ጽሑፍ ከሌለበት ይጣሉት። ሥዕል ያለበትን የውጭ ሽፋን ግን አይጠቡት። በጥላና ነፋስ ባለበት አድርቀው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉለት። ሥራውን በበጋ ያድርጉት። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር አየር እንኳን ሸክላ ልብስም አያደርቅም።

የማጽጃው ውሃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ጨው ይተዋል። የታሸገ የማዕድን ውሃም እንዲሁ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ጥቀርሻና ዝገት አለው። የሚፈልጉት ዲስትልድ ዋተር፣ ማለትም ተንኖ የተጣራ ውሃ ነው። መድኃኒት ቤት ወይም የላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢዎች ዘንድ ይጠይቁ። የመኪና ዕቃ መሸጫ ከሄዱ ግን ተጠንቀቁ። «የባትሪ ውሃ» ሲሉ አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይቀበሉ።

ለአንድ ሊትር ዲስትልድ ዋተር አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሳሙናው ቅባት ማለስለሻም ክሬምም የሌለበት ይሁን። ሸክላውን ንጹሕ ፎጣ ላይ ያስተኙ። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት እንዳይረጥብ፣ ከሱ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ክዳን ደፍተው ይያዙት። አዲስና በጣም ለስላሳ ብሩሽ ያርጥቡና የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው ክብ ክብ እያደረጉ ይጥረጉ። ከመሃል ወደ ዳር በፍጹም አይጎትቱ። አይጫኑ፤ ውሃው ራሱ ይሥራ። ያልለቀቀ ነገር ካለ ጥቂት ደቂቃ እርጥብ አድርገው ይተዉትና ይድገሙት። ከዚያ ሳሙና በሌለበት ዲስትልድ ዋተር ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። ማለቅለቁን የሚዘል ሰው ሳሙናውን ቦዩ ውስጥ አድርቆ ያስቀራል፤ እሱም ሲጫወት ይንጫጫል። ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በማስነካት ብቻ ውሃውን ያስጠጡት። በመጨረሻ የሰሐን ማድረቂያ ላይ በጥላ ያቁሙት። ለፀሐይ አይስጡት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሽፋኑ አይመልሱት። ለ78ቱም ውሃ ይሆናል፤ ግን በፍጥነት አርጥበው ወዲያው ያድርቁት።

በመጀመሪያው ማጠብ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ሆኖ ቢያዩ አይደንግጡ። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ለዓመታት የኖረ ሸክላ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ «አርጅቷል፣ ተበላሽቷል» የተባለ ሸክላ ችግሩ ይህ ጭስ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከታጠበ በኋላ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገው ይዩት። ጥቁርና አንጸባራቂ ከሆነ ጤነኛ ነው። ሳይጫጫር ደብዝዞ ግራጫ የሆነ ግን በከባድ መርፌ ብዛት ያለቀ ነው። ያንን ማጠብ አይመልሰውም።

ለተጣመሙት ተጠያቂው ኮርኒሱ ነው። ጎንደር ቀዝቃዛ ናት፤ ቆርቆሮ ሥር ያለ ቦታ ግን በቀትር እንደ ምድጃ ይሆናል። ፒቪሲ ሲሞቅ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ ሌላ ተደራርቦ ወይም ራሱ ዘንበል ብሎ ከቆመ በዚያው ቅርጽ ይቀራል። ካውያ፣ ፀሐይ፣ ምጣድ፣ ሙቅ ውሃ የሚሉ ምክሮች ይሰማሉ። አንዱንም አይሞክሩ፤ ቦዩ የሚጠፋው ሸክላው ከመቃናቱ በፊት ነው። ትንሽ የሚወዛወዝ ሸክላ ያለ ችግር ይጫወታል። መርፌው እየዘለለ የሚወድቅበትን ግን ልዩ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይተዉት። ከዚህ በኋላ ሁሉንም እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው። ከወለል ከፍ ያለ፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ፀሐይ የማይመታው መደርደሪያ ይሁን።

አሁን ስለ ማጫወት። ሬድዮግራሙን ሶኬት ላይ አይሰኩት። ለዓመታት ሥራ የፈታ ዕቃ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች) ደርቀዋል። ድንገት ሲሰካ ሊቃጠል፣ ሰውም ሊይዝ ይችላል። የድሮ ሬድዮ የሚያውቅ ጠጋኝ ከፍቶ ካየው ሊነሳ ይችላል። ቢነሳም ግን ክንዱ ከባድ ስለሆነ ለእነዚህ ሸክላዎች አይሆንም። ሬድዮው ይናገር፣ ሸክላው በሌላ ይጫወት። ለቱሪስት የሚሸጠውን ቀንድ ያለውን ግራሞፎን ደግሞ ጨርሰው ይርሱት። የሱ የብረት መርፌ ለሼላክ የተሠራ ነው። በፕላስቲክ ሸክላ ላይ ሲያስቀምጡት ድምፁን እያረሰ ይሄዳል፤ አንዴ መጫወቱ ብቻ ይበቃዋል።

ለአክስትዎ ልጅ ዛሬውኑ መልእክት ይላኩ። አሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ይፈታዋል። ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን መጠን ግን አይፈታውም። አንዳንድ ማጫወቻ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የሚያገኘው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። እንዲህ ያለው እዚህ ሲመጣ በደቂቃ 45 መዞር የሚገባውን 37.5 ብቻ ያዞራል። የብዙነሽ ድምፅ የወንድ ድምፅ ይመስላል፤ ሰውም ጥፋቱን ሸክላው ላይ ያላክካል። ስለዚህ በትንሽ አዳፕተር የሚሠራ፣ ሞተሩ ዲሲ የሆነ (ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የማያገኝ) ማጫወቻ ትምረጥ። ክንዱ ከኋላው የሚስተካከል ክብደት ይኑረው። መርፌው አዲስና አልማዝ ይሁን። የጫናው መጠን በመርፌው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ነው። እንደ ሻንጣ የሚከፈቱት ርካሽ ማጫወቻዎች ከዚህ በላይ ይጫናሉ፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም የማስቀመጥ የቆየ ልማድ አለን። ያንን እንተወው። ለ78ቱ ሸክላ ደግሞ ቦዩ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ያስፈልገዋል።

ማጫወቻው ፎኖ ማጉያ ውስጡ ከሌለው ለብቻው ትግዛ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ያንን ወደ ቦታው የሚመልሰው ይህ ማጉያ ነው። ያለሱ ሲሰሙት ድምፁ ደካማና ጩኸት የበዛበት ይሆናል። መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው 45ዎች መሙያ ቀለበት ማዘዙንም እንዳትረሳ ይንገሯት።

የመጀመሪያው ቀን ማጫወት ራሱ ቅጂ የሚወሰድበት ይሁን። ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተር አገናኝተው፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መቅረጽ ይቻላል። በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል ይቅረጹ። አንድ ደቂቃ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ የ40 ደቂቃ አልበም 1.4 ጊጋ ባይት ይሆናል። ብዙ ቢመስልም ስብስቡ ሁሉ በአንድ ፍላሽ ይገባል። ጭርታውን የሚያጠፉ ማጣሪያዎችን በዋናው ቅጂ ላይ አይጠቀሙ፤ ከጭርታው ጋር የክራሩንና የሲምባሉን ጫፍ ይቆርጡታል። ዋናውን እንዳለ ይተዉት፤ ለመስሚያ ሌላ ቅጂ ያውጡ። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። መብራት በሚቋረጥባቸው ቀናት አይጀምሩ።

የታወቁት ዘፈኖች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች እንደገና ወጥተዋል። ስለዚህ ሁሉም ቅጂ እርስዎ ጋ ብቻ አለ ብለው አይጨነቁ። ትኩረት የሚሹት ከታወቀው ዘፈን ጀርባ ያሉት ሁለተኛ ገጾችና ስማቸው የተረሳ ዘፋኞች ናቸው። እነሱን አስቀድመው ይቅዱ። ቅጂውን ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ግን አይቸኩሉ። ሸክላው የእርስዎ ነው፣ ዘፈኑ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው፣ የተጫዋቹና የአሳታሚው መብት ይጠበቃል። ለራስዎ መስሚያ አንድ ቅጂ መውሰድ ሌላ ነገር ነው፤ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን ፈቃድ ይፈልጋል።

ዐረብኛ የተጻፈባቸውን ዘጠኙን «የሚፈልጋቸው የለም» ያሉት በጣም አሳስቦኛል። እባክዎ አንዱንም እንዳይጥሉ፤ የሱዳን ሙዚቃ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጎንደር ሆነው የሱዳን ሙዚቃ ምን ያደርጋል ማለት አይቻልም። የሱዳን ድንበር መተማ ቅርብ ነው። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ለሥራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የወረደው ሁሉ ሸክላ ይዞ ይመለስ ነበር። የሱዳን ዘፋኞቹ መሐመድ ዋርዲና ሰይድ ኸሊፋ በእኛ ቤቶች እንደ ራሳችን ዘፋኝ ይሰሙ ነበር። የእኛም የሱዳንም ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ ስለሆነ ጆሯችን ወዲያው ይቀበለዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በተጀመረው ጦርነት የኻርቱም ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። በየሰዉ ቤት የነበረው ሸክላ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እናንተ ኮርኒስ ላይ የቆዩት ዘጠኝ ሸክላዎች ለሱዳናውያን ከምናስበው በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ዐረብኛ የሚያነብ ጎረቤት ጠርተው ስማቸውን ያስጽፉ፣ ከሌሎቹም አስቀድመው ይቅዷቸው።

ወደ አባትዎ ልምጣ። እናትዎ ያሉት ጊዜ ትክክል ነው፤ ግን ከፍርሃት ወይም ከኀዘን ብቻ እንዳይመስልዎት። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የከተማውን ማታ ዘግቶት ነበር፤ ጎንደርም ከባድ ዓመታት አሳልፋለች። ሸክላን ከየቤቱ ያወጣው ዋናው ነገር ግን ካሴት ነው። ካሴት በባትሪ ይሠራል፣ ከሰው ይቀዳል፣ መንገድ ላይ ይያዛል። አዲስ ሸክላ መታተሙ ቆመ። የሬድዮግራም መርፌ ብዙ ጊዜ ሰንፔር ስለነበር ቶሎ ያልቃል፤ ምትኩም ከገበያ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ሸክላውን ለልጆች መጫወቻ ሰጠ፣ አንዳንዱም ጣለው። አባትዎ ግን በሳጥን ደርድረው፣ ቆልፈው፣ ልጅና አይጥ የማይደርስበት ቦታ ሰቀሉት። ኮርኒስ ይሞቃል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሬድዮግራሙን ከሶኬት እንደነቀሉት የክንዱን ጫፍ በባትሪ ብርሃን ይዩት። መርፌው አልቆ ወይም ወልቆ ካገኙት ‹ለምን ቆልፎ ሰቀለው?› ላሉት ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚያ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚያውቁት እናትዎና የአባትዎ የማስተማር ባልደረቦች ናቸው። ዝርዝሩን ይዘው አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ። የዘፈኑን ስም እያነበቡላቸው የሚያስታውሱትን በስልክ ይቅዱ። ይህንን ከማጠቡ በፊት ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ ሸክላው ሊቆይ ይችላል፣ እነሱ ግን አርጅተዋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቤተሰቡ ማቆየት ካልቻለ አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊጠየቁ ይችላሉ። ስብስቡን ሳይበታተን፣ ከዝርዝሩና ከፎቶው ጋር፣ በፊርማ ያስረክቡ። ለመሸጥ ከወሰኑም ከጂም ሪቭሱ ይጀምሩ፤ የአባትዎ ጽሑፍ ያለባቸውን የመጨረሻ ያድርጓቸው። መንገድ ከወጡ ሸክላዎቹን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም በዕቃ መጫኛው ውስጥ አያስጭኑ። ቆመው፣ በጠባብ ካርቶን፣ ከእግርዎ ሥር ይሁኑ።

የተሰበረውን አይጣሉት፣ በሙጫም አያጣብቁት። ሁለቱን ቁራጭ በየራሳቸው ወረቀት ጠቅልለው ከሽፋኑ ጋር ያስቀምጡ። ክቡ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ይመዝግቡ። ያ ቁጥር ካለዎት ያንኑ ሸክላ ሳይሰበር የያዘ ሰው መፈለግ ይቻላል፤ ድምፁንም ከእሱ መቅዳት ይቻላል።